ሲስተሯ ያላለችው

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፣ ለወንድሜ አልነገርኩም፣ አብሬያቸው ለምጸልየው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም አልነገርኩም። እኛ ጴንጤዎች ደግሞ የንስሐ አባት የለንም። ኃጢአታችንን በቀጥታ ለእግዚአብሔር እንነግርና ተነስተን ጉልበታችንን አራግፈን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። እኔም እንደዚያ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ግን እግዚአብሔር ያን ቀን የተባለውን ሁሉ ራሱ ሰምቷል፤ ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል። ለሚያውቅ መናገር ምን ድፍረት ይጠይቃል? ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገር።

ሶዶ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሰው የሚያውቀኝ በአስተማሪነቴ አይደለም፣ በአስተርጓሚነቴ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ የመጣ ሰባኪ በአማርኛ ሲሰብክ እኔ አጠገቡ ቆሜ ወደ ወላይትኛ እመልሳለሁ። ሲጮህ እጮሃለሁ። ሲያለቅስ አለቅሳለሁ፤ መሐረብ ሲያወጣ እኔም አወጣለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው የጀመርኩት፣ ከዚያ ወዲህ የገጠሩም የከተማውም አጥቢያ ጉባኤ ሲኖረው ሳሙኤልን ጥሩልን ይላል።

አንድ ልማድ ነበረኝ። አሳምር ነበር። ሰባኪው ስለ ባቡር ሲናገር እኔ ባጃጅ አደርገዋለሁ። ሲያንዛዛ አሳጥራለሁ። ቀልዱ የማያስቅ ከሆነ የራሴን እጨምራለሁ፤ ሕዝቡ ይስቃል፣ ሰባኪውም በእኔ ቀልድ ደስ ብሎት ይቀጥላል። "ከሰባኪው ተርጓሚው ይሻላል" ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ሰው የሌላውን ቃል በእጁ ይዞ እንደፈለገ ማድረግ ሲለምድ አንድ ቀን ክፉ እንደሚያደርግበት ለምን አልታየኝም? አልታየኝም። ማንም ነገሬ ብሎ አያውቅም ነበርና።

ታናሽ ወንድሜ ታረቀኝ ይባላል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ እኔ ነኝ ያሳደግሁት ማለት ይቻላል። አረካ ተቀጥሮ ይሠራል። የትውልድ ሰፈራችን ግን ከሶዶ ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ እናታችንም እዚያ ነበር የምትኖረው። ታረቀኝ ከዚያው ሰፈር መሠረት የምትባል ልጅ ወደደ። አብረው መዘምራን ነበሩ። ልጅቷ ጨዋ፣ ሠርታ የማትጠግብ፣ ሳቂታ። ምንም እንከን አይወጣላትም ነበር፣ ከእናቷ እግር በቀር።

የመሠረት እናት ባሎቴ የእግር እብጠት ነበረባት። በአማርኛ ዝሆኔ የሚሉት ነው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው አለበት፤ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲያርስ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ገበያ ሲሄድ የኖረ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ባሎቴ ቅቤ ትሸጥ ነበር። ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም አያንስም፣ እኔ ግን አንቺ ነበር የምላት። ለምን እንደሆነ ያኔ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ፤ እግሯን ነበር የማየው።

እኛ ጋ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይጠየቃል። ጎሳው ምንድን ነው፣ ቤቱ ውስጥ ምን በሽታ አለ ይባላል። የእግር እብጠት አለ ከተባለ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እናቴም "የባሎቴን ልጅ? በሕይወት እያለሁ አይሆንም" አለች። ታረቀኝ ለመነ፣ አኮረፈ፣ ጾመ። ምንም አልሆነም።

በዚያ ሰሞን ሲስተር ሰላማዊት የምትባል ነርስ ወደ ጤና ኬላችን መጥታ ነበር። ከሌላ ክልል የመጣች ወጣት ናት፣ አማርኛ እንጂ ወላይትኛ አትችልም። የእግር እብጠት ያለባቸውን ሰብስባ በሳፋ ውኃና በሳሙና፣ ጠብታ በረኪና ጨምራ፣ እግራቸውን እንዴት እንደሚያጥቡ ታሳያለች። አድርቀው ቫዝሊን ይቀባሉ፣ በፋሻ ይጠቀልላሉ፣ ካልሲና ሰፊ ጫማ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ሰው ሳቀባት። "ሳሙና መድኃኒት ከሆነ ሱቁ ሁሉ ሆስፒታል ነው" አሉ። ከዚያ የባሎቴ እግር እየቀነሰ ሄደ። ባሎቴ ጫማ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን የመጣች ዕለት ሰው መዝሙሩን ትቶ እግሯን ያይ ነበር። ጤና ኬላው በር ላይ ሰልፍ መታየት ጀመረ።

ታረቀኝ ይህን ሲያይ ብልሃት መጣለት። ስልክ ደወለልኝ።

"ጋሼ፣ እማዬ የእኔን ቃል አትሰማም፣ የሲስተርን ግን ትሰማለች። ረቡዕ በእናቶች ጸሎት ላይ ስለ በሽታው እንድታስተምር ጠይቄያት እሺ ብላለች። የምትተረጉምላት የጤና ኤክስቴንሽኗ አራስ ቤት ናት። አንተ ትተረጉምላታለህ።"

"ሌላ ሰው የለም?" አልኩት።

"ከአንተ የተሻለ ማን አለ? አንተ ካስረዳሃቸው ነገሩ አለቀ።"

እሺ አልኩት። በዚያ ዓመት የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ጠዋት ጠዋት ነፃ ነበርኩ። ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ በዚያው ወደ እናቴ ቤት ሄድኩ። እናቴ ቡና አፍልታ፣ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ቀቅላ ጠበቀችኝ። ስበላ አየችኝና "ሳሙኤል፣ አባትህ ከሞተ የዚህ ቤት አባት አንተ ነህ። የማይሆን ነገር ሲሆን ቁጭ ብለህ ታያለህ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ዋሽ አላለችኝም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ እናቴ ሞታለች፣ በእሷ ላይ ላላክክ አልፈልግም።

እኔ ራሴ ነኝ ያልፈለግሁት። የወንድሜ ሠርግ ታየኝ፤ ዳስ ውስጥ ከባሎቴ እግር አጠገብ ተቀምጬ፣ ከሶዶ የመጡ አስተማሪ ጓደኞቼ ፎቶ ሲያነሱን፣ ሰው በጆሮ ሲንሾካሾክ። ያሳፍረኛል አልኩ። ምክንያቴ ይኸው ነው። ለዓመታት ከዚህ የተሻለ ምክንያት ስፈልግ ነበር፤ ለወንድሜ አስቤ ነው፣ ለእናቴ ብዬ ነው፣ እውነት መስሎኝ ነው። አንዱም አይሆንም። እውነቱን አውቅ ነበር። አሳፈረችኝ፣ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ በእናቶች ተሞልቷል። ወጣቶቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ወንዶቹ እርሻና ገበያ። ሲስተር ሰላማዊት መድረኩ ላይ ወጣች፣ እኔ አጠገቧ ቆምኩ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ዓይኔን ከፊት እስከ ኋላ አዞርኩ። አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ ወይ ብዬ ነው ያዞርኩት። የለም። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ይህ የአፍ ስህተት ነው? ከመናገሬ በፊት ምስክር ፈልጌያለሁ፣ አለመኖሩንም አረጋግጫለሁ።

ሲስተሯ ንግግሯ ቀላል ነበር። በሽታው እርግማን አይደለም አለች፤ ተረጎምኩ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ተቀመጡ አለች፤ ይህንንም ተረጎምኩ። ከአፈሩ ነው የሚመጣው አለች፤ ተረጎምኩ። ከዚያ እንዲህ አለች፦ "በአንዳንድ ቤተሰብ በዛ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ ሰው ሲወለድ ጀምሮ ለአፈሩ ስስ ነው። ግን እናቱ ብትታመምም እንኳ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ፣ እግሩን ከታጠበ አይታመምም። ስለዚህ በዚህ በሽታ ምክንያት ጋብቻ አትከልክሉ።"

እኔ ምን አልኩ? "በዘር ይሄዳል" አልኩ። እዚያ ላይ አቆምኩት። ጫማውን ተውኩት። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ፦ "ስለዚህ ሲስተር የምትመክራችሁ፣ ልጆቻችሁን ስትድሩ ዘሩን ጠይቁ። ጤነኛውን ዘር ከታመመው አትቀላቅሉ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ሲስተሯ አላለችውም። እኔ፣ በጥሩ ወላይትኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደማዝን ሆኜ አልኩት። እሷ አጠገቤ ቆማ ቃሏ የተላለፈ መስሏት አንገቷን ትነቀንቅ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ስትነቀንቅ ያያታል፤ የእኔን ቃል በራሷ አንገት አጸደቀችልኝ ማለት ነው። "ብዙ ነገር ነው ያልኩት፣ አንተ ጋ አጠረ" አለችኝ ፈገግ ብላ። "ዋናውን ይዤዋለሁ" አልኳት።

እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ዓይኗን ጨፍና "ጌታ ይመስገን" ስትል አየኋት።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ቃሉ ከእኔ አፍ ወጥቶ እስኪመሽ ሰፈሩን አዳረሰ። ደግሞ የእኔ ቃል ሆኖ አልሄደም፣ የሲስተር ቃል ሆኖ ሄደ። የባልቴት ወሬ ቢሆን ሰው ይከራከረው ነበር፤ ነርስ ተናገረች ከተባለ ማን ይከራከራል? በማግስቱ ጤና ኬላው በር ላይ ሰልፍ አልነበረም። እዚያ መቆም ማለት የእኔ ዘር የታመመ ነው ብሎ ማወጅ ሆነ። እግራቸው ማበጥ የጀመረ ልጆች ያሏቸው እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ። ለሕፃናት የመጣውን ጫማ እንኳ "የበሽተኛ ጫማ ነው" ብለው ብዙዎቹ አልወሰዱም።

ኤክስቴንሽኗ ከአራስ ቤት ወጥታ ነገሩን ስትሰማ ቤት ለቤት እየዞረች "ተሳስታችኋል፣ እንዲህ አይባልም" ብትል "አንቺ ከሲስተር ትበልጫለሽ?" አሏት። ሲስተር ሰላማዊት ደግሞ ምን እንደሆነ ሊገባት አልቻለም። ሶዶ ድረስ ትምህርት ቤት መጥታ ጠየቀችኝ።

"አቶ ሳሙኤል፣ ምን አጠፋሁ? ምን ብያቸው ነው የሸሹኝ?"

ልትማርበት ነው የመጣችው። ዓይኗ ላይ እንባ አለ። እኔ ግን ያን ጊዜ ምን መለስኩላት መሰላችሁ? "አይዞሽ፣ ሕዝባችን እንዲህ ነው። አዲስ ነገር ቶሎ አይቀበልም፣ ጊዜ ይፈልጋል" አልኳት። የገዛ ሕዝቤን አማሁላት። ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ሌላ ወረዳ ስትሄድ "የዚያ አገር ሰው አይሰማም" ብላ እንድትሄድ አደረግሁ። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ ተዛውራ ሄደች፤ አላየኋትም። የመጀመሪያው ውሸት ከባድ ነው፣ ይህ ሁለተኛው ግን ሳስበው የበለጠ ያንገበግበኛል። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ልጅቷ ፊቴ ቆማ ነበር።

ታረቀኝና መሠረት ተለያዩ። ሽማግሌ አልተላከም። ታረቀኝ ከአረካ ደውሎ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ምን አለኝ? "ጋሼ፣ አንተ የምትችለውን አድርገሃል፣ ሲስተሯ ራሷ እንደዚያ ካለች ምን ታደርጋለህ፣ አመሰግናለሁ" አለኝ። አመሰግናለሁ አለኝ። እኔም "አይዞህ" አልኩት። እስከ ዛሬ ድረስ በበዓል ሲደውል "አንተ ነህ ከጎኔ የቆምከው" ይለኛል። ሌላ አግብቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ ክፉ ኑሮ አይኖርም። ያ ግን ዕዳዬን አያቀለውም። መሠረት ወደ ሐዋሳ ፋብሪካ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሰፈር ተመልሳ አታውቅም ይባላል።

የባሎቴን ቅቤ የሚገዛ ጠፋ። የሰው ዓይን ሸሽታ ጤና ኬላ መሄድ ተወች። እግሯ ተመልሶ አበጠ፣ ጫማው አልገባ አላት። በትኩሳት ወድቃ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ እንደነበረች ሰማሁ። ሰማሁ ነው የምላችሁ፤ ሄጄ አላየኋትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፣ እኔ ግን ለማሸትም አልሞከርኩ።

እንደዚህ ዓመታት አለፉ። አምና እናቴ አረፈች።

ለቅሶው ሰፈር ነበር። ድንኳን ተተክሎ፣ ከሶዶም ከአረካም ሰው መጥቶ፣ መዘምራኑ ሲዘምሩ ባሎቴ በዱላ ተደግፋ መጣች። እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ ሰው ባልተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የቤቱ ልጅ ነኝና ሄጄ መቀበል ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ በወላይትኛ ሰላም አልኳት። እሷ በአማርኛ መለሰችልኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ። እናትህ ጥሩ ጎረቤቴ ነበረች አልልህም፣ መዋሸት ነው። ግን ሞት ለሁላችንም ነው፤ ሳልመጣ መቅረት ነውር መሰለኝ።"

ጥርት ያለ አማርኛ። እኔ ለሃያ ዓመት የማስተምረው አማርኛ እንደዚያ ከአፌ አይወጣም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"አማርኛ ይችላሉ እንዴ?" አልኳቸው። አንቱ አልኳቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቱ ነው የምላቸው።

"ሶዶ አንድ ዳኛ ቤት ነው ያደግሁት። ልጆቻቸውን አዝዬ አሳደግሁ። እናቴ ወላይትኛ አስተማረችኝ፣ የዳኛው ሚስት ደግሞ አማርኛ፤ ስድቡን ጨምራ።"

"እንግዲያ ያን ረቡዕ..."

"በሩ አጠገብ ነበርኩ። እሷ ያለችውን ሰማሁ፣ አንተም ያልከውን ሰማሁ።"

ያን ቀን ዓይኔን ከፊት እስከ ኋላ አዙሬ ነበር ብያችኋለሁ። አማርኛ የሚችል ሰው ፈልጌ ነበር። እሳቸውን አላየኋቸውም። አይቻቸው ቢሆን እንኳ ሰው ብዬ አልቆጠርኳቸውም፤ እግሩ ያበጠ ሰው አማርኛ ያውቃል፣ ጆሮ አለው፣ ይፈርዳል ብዬ አላሰብኩም። ንግግሩ ስለ እሳቸው ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚመለከታቸው እሳቸው ነበሩ። እኔ ግን ዘለልኳቸው።

ቀጥሎ የጠየቅሁትን ስነግራችሁ ታዘቡኝ። "ለምን ያኔውኑ አልተናገሩም?" አልኳቸው። እኔ፣ ውሸታሙ፣ ለምን ዝም አሉ ብዬ ጠየቅሁ።

"ልናገር ተነስቼ ነበር" አሉኝ። "ስነሳ አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ፈቀቅ አሉልኝ። ፈቀቅ ሲሉ እኔም ተቀመጥኩ። ዝሆኔ ያለባት ሴት ስለ ዝሆኔ ብትናገር ማን ይሰማታል? ለልጇ ብላ ነው ይላሉ። ቤት ገብቼ ለመሠረት ልነግራት አሰብኩ። ከዚያ ወንድማማቾችን አላጣላም ብዬ ተውኩት። ወንድምህን እወደው ነበር።"

አለቀስኩ። ሰው ለእናቴ ያለቀስኩ መስሎት መጥቶ ያጽናናኝ ጀመር።

ባሎቴ ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቁና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ለለቅሶ ብቻ አልመጣሁም። ትንሿን ልጄን ታውቃታለህ፣ ከመሠረት በታች ያለችው። እግሯ ማሳከክ፣ ማታ ማታ ማቃጠል ጀምሯል። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመረኝ። አሁን ጤና ኬላ ሄዳ ብትታጠብ፣ ጫማና ካልሲ ብታደርግ ይመለስላታል፤ ያቺ ሲስተር እንደዚያ ነበር ያለችው፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከቆየ ግን አይመለስም። ሂጂ ስላት 'ሰው እዚያ ካየኝ ማን ያገባኛል' ትላለች። ረጅም ቀሚስ ለብሳ ትደብቃለች። እኔ ስነግራት አታምነኝም፤ ሲስተር ብላለች ትለኛለች። አንተ ነህ ያልከው። በዚያ አፍህ አበላሽተኸዋል፣ በዚያው አፍህ አስተካክለው።"

"እሺ" አልኳቸው።

እሺ ካልኩ በኋላ ምን አደረግሁ? ሐዘኑ ይለፍ አልኩ። ሐዘኑ አለፈ። ፈተና አርሜ ልጨርስ አልኩ። ክረምት ገባ፤ መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ይለፍና ሰው ተረጋግቶ ይሰማኛል አልኩ። ጊፋታ አለፈ፣ ሰው ጨፍሮ፣ ሥጋ በልቶ፣ ወደ ቤቱ ገባ። ይህን ሁሉ ጊዜ የአንዲት ልጅ እግር እየጠበቀኝ እንደነበር አውቅ ነበር። ስሜን ለማዳን ስል የእሷን እግር አስጠበቅሁ። ያኔ ስለማፍር ዋሸሁ፣ አሁን ስለማፍር ዘገየሁ፤ ያው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ከገሱባ በሚመጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሶዶ ስመለስ ልጅቷ ሰፈራችን መግቢያ ላይ ወረደች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ከወንበሯ ስትነሳ የአንዱ እግሯ ነጠላ ጫማ ማሰሪያው ተቆርጦ፣ እግሯ እንዲገባ ሰፋ ተደርጎ በክር ታስሮ አየሁ። እሷም እንዳየሁት አየችና ቀሚሷን ሳብ አድርጋ ወረደች። "ጋሽ ሳሙኤል፣ ደህና ዋሉ" አለችኝ፣ በትሕትና።

በማግስቱ የእናቶች ጸሎት መሪዋን ደውዬ የሚቀጥለውን ረቡዕ ጠየቅሁ። ስለ ምን ነው ብትለኝ ስለ እግር እብጠት ነው አልኳት፤ ኤክስቴንሽኗም እንድትገኝ ለመንኳት። ከዚያ ባሎቴ ቤት ሄድኩ። ከፊት እንዲቀመጡልኝ ጠየቅኳቸው። "እቀመጣለሁ" አሉኝ፤ "ቃል ብታጎድል ግን በሰው ፊት አርምሃለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።" ልጅቷን ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኳቸው። እሷ ትምጣ አትምጣ አላውቅም አሉ። የዘገየሁት ይህን ያህል ነው፤ እግሯ ይመለስላት አይመለስላት ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። ኤክስቴንሽኗም "ትምጣና እንያት" ነው ያለችኝ።

አሁን ስለ እናንተ። ይህን ያህል ስታዳምጡኝ ቆይታችሁ ይቅርታ የምጠይቃችሁ ይመስላችሁ ይሆናል። አልጠይቃችሁም። እናንተን አልዋሸሁም። ይህን በአማርኛ የጻፍኩትም ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ የዋሸኋቸው እናቶች አማርኛ አይሰሙም፣ አብዛኞቹም ማንበብ አያውቁም። ለማያውቁኝ ሰዎች በሚያምር አማርኛ መናዘዝ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ከባዱ ረቡዕ ነው፣ በወላይትኛ፣ ስማቸውን እየጠራሁ። ይቅር ካላሉኝ መብታቸው ነው። "ካሁን በኋላ አትተርጉም" ቢሉኝም ይገባኛል።

አማርኛ ከሚያነቡት መካከል የዋሸሁት ሁለት ሰው ነው፤ ሲስተር ሰላማዊት የት እንዳለች አላውቅም፣ የሁለተኛውን ቤት ግን አውቃለሁ።

ታረቀኝ፣ ቅዳሜ አረካ እመጣለሁ። ይህን ቀድመህ ካነበብከው በሩን ባትከፍትልኝ አልፈርድብህም። ምስጋናህን ግን መልሰህ ውሰድልኝ፤ ለዓመታት ስትሰጠኝ ዝም ብዬ ተቀብያለሁ፣ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። እኔን ላለማየት ብትፈልግም ረቡዕ ና። ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርክ ሲስተሯ ስለ ጋብቻ ምን እንዳለች አልሰማህም። እንድትጋቡ ነበር ያለችው።